ሶል ናት

ቤታችን ውስጥ ስለ ሙዚቃ አይወራም ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ቤዝ ጊታር ይጫወት እንደነበር የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እሷም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "አባትህ እኮ ሆቴል ይጫወት ነበር" ብላ አለፈችው። ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ የሰዓት እላፊ ሆነ፣ በሌሊት ሥራ የሚተዳደር ሁሉ እንጀራው ተነካ። አባቴም መሥሪያ ቤት ገባ፣ ሒሳብ ሲደምር ኖሮ በጡረታ ወጣ። ቤዙ የት እንደደረሰ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ጊታር ስጀምር አልከለከለኝም፤ አላበረታታኝምም። ስለማመድ የክፍሌን በር ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ አምፔ ማጉረምረም ሲጀምር እሱን መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣ።

አምፑን ያመጣችልኝ ዋሽንግተን የምትኖረው አክስቴ ናት። ጎረቤቷ ቤት ሲለቅ በርካሽ የሸጠላት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ የቲዩብ አምፕ ነው። ሃያ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደላትን 23 ኪሎ እሱ ብቻውን በላው። "በአንተ ብረት የተነሳ ለዘመድ ሁሉ ባዶ እጄን መጣሁ" እያለች እስክትመለስ ድረስ ወቅሳኛለች።

ቲዩብ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወዳለበት ወደ ሌላኛው ብረት ይጎርፋሉ። በመሀል ወንፊት የመሰለ ሽቦ አለ። ከጊታሩ የሚመጣው ትንሽዬ ሲግናል ወንፊቱ ላይ ሲያርፍ ጎርፉን ይጨምረዋል፣ ይቀንሰዋል። ትንሹ ትልቁን ያዘዋል ማለት ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ተፈልስፎ ቀስ በቀስ ራዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ወረሰ፤ ብዙ ጊታሪስቶች ግን ከብርጭቆው አንላቀቅም አሉ። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲገፉት ድምፁ ድንገት አይሰበርም፤ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ቀስ እያለ ይሻክራላ! ዛሬም ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ውስጥ ይመረታል።

አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያልተቃጠለበት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ እኛም አንድ የጁስ መፍጫ በዚሁ ሸኝተናል። ስለዚህ ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ አምፑን በእሱ በኩል ሰካሁት፣ ስምንት ወር በሰላም ሠራ።

ከዚያ አንድ ቀን ከድምፁ ሥር "እምምምም" የሚል ነገር መጣ። ሙዚቀኛው "ሃሚንግ" ይለዋል። በየሳምንቱ እየወፈረ ሄደ። ጊታር ባልመታበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አንድ የተቆጣ ሰው አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ይመስላል።

እኔ ምን አደረግሁ? ገመተኩ። መጀመሪያ ጊታሩን ጠረጠርኩ፤ ሲንግል ኮይል ፒካፕ በባሕሪው ከአካባቢው መብራት ጉምጉምታ ይለቅማል። ፒካፑን አስቀየርኩ። ለውጥ የለም። ገመድ ገዛሁ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ቲዩቦቹን ጠረጠርኩ፤ የሚታዩት፣ የሚያበሩት፣ ውዶቹም እነሱ ናቸዋ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈልጌ፣ ለምኜ፣ ሦስት ወር ጠብቄ ሙሉውን ቀየርኩ። ጉምጉምታው እንዳለ ነው።

ያን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ነገር አንድ ሰከንድ አይፈጅም ነበር፦ የጊታሩን ገመድ ከአምፑ መንቀል። ሲነቀል ከጠፋ ጥፋቱ ከጊታሩ ወይ ከገመዱ ነው። ካልጠፋ ከአምፑ ነው። ቀጥሎ ቮልዩሙን ዜሮ ማድረግ። አሁንም ካለ፣ ችግሩ ከቮልዩሙ በኋላ ባለው ክፍል ነው። መንገዱን በግማሽ እየከፈሉ መሄድ ነው እንጂ መገመት አይደለም። ይሄን የተማርኩት ግን ከከሰርኩ በኋላ ነው።

አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ጋም ወስጄው ነበር። ከፍቶ አየውና "ይሄን ሁሉ ብርጭቆ አውጥተን በአይሲ ብንተካው ግማሽ ይቀልልሃል፣ መብራትም አይበላብህም" አለኝ። አምፔን አቅፌ ወጣሁ።

ከዚያ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ስቱዲዮ ልንቀዳ ሄደን ነበር። ከጊታሩ ኢፌክት አንድ ገመድ ወደ አምፔ፣ ሌላ ገመድ ወደ ስቱዲዮው ሚክሰር ይሄዳል። ጉምጉምታው በእጥፍ ጨመረ። እዚያ የነበረ አንድ ልጅ፣ በሙሉ ልብ፣ "ሦስተኛዋን የሶኬት እግር ቁረጣት፣ ይጠፋል" አለኝ። የአሜሪካ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ እግርና አንድ ክብ እግር አለው። ክቧ መሬት ናት፤ ኧርዝ የምንላት። በፒንሳ ቆረጥኳት። እውነትም ጉምጉምታው በግማሽ ቀነሰ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ምስጢር ያገኘሁ መስሎኝ ለሌሎች ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ የሚጸጽተኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ ልምምድ ነበረን። ኢፌክቱን ቤት ትቼው ጊታሬን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካሁ። የመዝሙሩ ማጀቢያ ላይ ሲደርስ ግራ እጄ ክሮቹን እንደያዘ ወደ ማይኩ ጠጋ አልኩ። ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ አንድ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከበሮው አጠገብ በጀርባዬ መውደቄን ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የጊታር ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፑ የብረት ሳጥን ጋር የተገናኙ ናቸው። ሳጥኑ ላይ ኤሌክትሪክ ቢፈስ በሦስተኛዋ እግር በኩል ወደ መሬት መሄድ ነበረበት፤ እኔ ያንን በር ዘጋሁት። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ አምፖች ውስጥ ከመብራቱ መስመር ወደ ሳጥኑ የሚሄድ አንድ ካፓሲተር አለ፤ ጠጋኞች የሞት ካፓሲተር ይሉታል። እኔ የገዛሁት ዓይነት ርካሽ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ ከግድግዳው አይለይም፤ ሶኬቱን በየትኛው በኩል ብትሰካው ስለሚገባ ከፍተኛው መስመር ሳጥኑ ጎን ሊመጣ ይችላል። ማይኩ በሚክሰሩ በኩል መሬት ነው። በመሀላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። የተረፍኩት ካፓሲተሩ ጤነኛ ስለነበር፣ ያሳለፈውም ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

በሌሎች ደርሷል። የስኮትላንዱ ስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ መድረክ ላይ ሰው እያየው መሬት ያልተያዘ ማይክ ነክቶ ሞተ። የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት እንዲሁ በኤሌክትሪክ ሞተ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ ያበጠ ከንፈሬን አይታ ጮኸች። አባቴ ምንም አላለም። ተነስቶ ክፍሌ ገባ፣ የአምፑን ሶኬት አንስቶ በጣቶቹ አገላበጠው።

"ይቺን ማን ቆረጣት?"

"እኔ።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፦ "እኛ ማይኩን በመሐረብ ጠቅልለን ነበር የምንዘፍነው። ለማማር መስሎህ ነው?"

ስለዚያ ዘመን ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነበር።

በማግስቱ መሬት ያለው አዲስ ሶኬት ገጠምን፤ መሬቱን አሳልፎ እንደሚያደርስ በቴስተር ለክተን ነው አምፑን ያበራነው። "እምምምም" አለ። አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እኔ ስለ ጠረጠርኳቸው ዕቃዎች አንድ በአንድ ስዘረዝርለት በእጁ ዝም አሰኘኝ።

"ጊታሩን አቀብለኝ።"

አቀበልኩት። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዞ መታው። ሁለቱ ድምፆች፣ ጊታሩና ጉምጉምታው፣ አየሩ ላይ ተገናኝተው "ዋው፣ ዋው፣ ዋው" እያሉ መወዛወዝ ጀመሩ። ቁልፉን በጣም ጥቂት ጠበቅ አደረገው። መወዛወዙ ዘገየ፣ ቆመ፣ አንድ ድምፅ ሆኑ።

"ሶል ናት" አለ። "ትንሽ ከፍ ያለች ሶል። ከሥሯ ሌላ የለም። ስቱዲዮ እያለህስ ከሥሯ አንድ ኦክታቭ የምትወርድ ሌላ አልነበረችም?"

ራሴን ልመታ ምንም አልቀረኝ። በወረቀት የማውቀውን ነገር ነበር በጆሮው የነገረኝ። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከመሬት አያያዝ ወይም ከገመድ የሚመጣ ጉምጉምታ መነሻው 50 ኸርዝ ነው። አምፑ ውስጥ ግን ተመላላሹን መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀይረው ክፍል ታችኛውን ግማሽ ማዕበል ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ጉምጉምታ እጥፍ፣ 100 ኸርዝ ይሆናል። የጊታር ወፍራም ክር ሦስተኛ ፍሬት 98 ኸርዝ ነው፤ ሶል። የቤዝ ጊታር ያው ቦታ 49። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ ያወቃት ድምፅ ናት። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ በ60 እና በ120 ስለሚያጉረመርም ሲ ቤሞልና ሲ መካከል ይወድቅ ነበር።

ሁለት ጉምጉምታ ነበር ማለት ነው፤ እኔ አንድ አድርጌ ነበር የሰማሁት። ስቱዲዮ የተጨመረው የታችኛው ነው፤ አምፑና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ መሬት ስለያዙ የመጣ። እግሯን ስቆርጥ እሱ ጠፋ፣ እኔም መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። ዋናው በሽታ ግን የላይኛው ነበር። 100 ኸርዝ ደግሞ መጀመሪያ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል፤ ማዕበሉን ወደሚያለሰልሱት ካፓሲተሮች። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ በዘመንና በሙቀት ይደርቃል። እነዚህ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

መክፈቱ ቀልድ አይደለም። እነዚህ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ተነቅሎም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የአምፕ ጠጋኞች አንድ ሕግ አላቸው፦ ኤሌክትሪኩ በደረትህ እንዳያልፍ አንዱን እጅህን ኪስህ ክተት። ከተትኩ። አባቴ ባትሪ ያበራልኛል፤ ብርሃኑ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እርጅና ይሁን ፍርሃት አልጠየቅኩም። በትልቅ ሬዚስተር እያፈሰስኩ የቴስተሩን ቁጥር አየን፦ 380፣ 210፣ 90፣ 12፣ ዜሮ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነካሁ። አንደኛው ካፓሲተር ጭንቅላቱ አብጦ ነበር። 450 ቮልት የተጻፈባቸውን አዳዲስ ከቴሌቪዥን ጠጋኝ ገዝተን ሁሉንም ቀየርን፤ ፕላስና ማይነሱን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየን፣ ምክንያቱም ከተገለበጠ ይፈነዳል። ያንን የሞት ካፓሲተርም ቆርጬ አወጣሁት። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ሰው ምሳ ዋጋ አልሞላም።

መጀመሪያ ስናበራው በቀጥታ አልሰካነውም። ባለ መቶ ሻማ አምፖል በመስመሩ መሀል አስገባን። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ አምፑ ይተርፋል። አምፖሉ አንዴ ደመቀ፣ ከዚያ ደበዘዘ። ቲዩቦቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጠበቅን።

ምንም የለም። ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ የመሰለ "ሽሽሽ" ብቻ፤ እሱ ጤና ነው።

አባቴ ጊታሩን አነሳ። በወፍራሞቹ ክሮች አራት ኖታ የምትዞር የቤዝ መስመር ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሦስተኛው ላይ ጣቱ ሳተ። "ረስቷል" አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። ጊታሩን አልጋው ላይ አጋድሞ ወጣ።

አሁን ሰው "አምፔ ያጉረመርማል" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ሶኬቱን አሳየኝ እለዋለሁ። ሦስተኛዋ እግር ከሌለች ሌላ ወሬ የለንም። ቀጥሎ ገመዱን አስነቅለውና የትኛዋ ኖታ ናት ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቃል።

አባቴ አሁንም ስለማመድ በሬን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። አንዳንዴ ግን፣ ከሳሎን፣ በተዘጋው በር በኩል ድምፁ ይመጣል፦

"አንተ! አራተኛው ክር ወርዷል።"