ከኮሶ ሻጯ ዘንድ

የምኖረው ባሕር ማዶ ነው። ሥራዬ በደሴት እንሽላሊቶች ሳንባ ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ፍጥረታትን ለይቶ ስም ማውጣት ነው። ትል ይምሰሉ እንጂ የሸርጣን የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ በአራት መንጠቆ ሳንባው ላይ ተሰክተው ደም ይመጥጣሉ። የአንዳንዶቹን እጭ ለእንሽላሊቱ የሚያደርሰው በረሮ ነው። «አዲስ ዝርያ ነው» የምንለው መንጠቆውን ለክተን ከታወቁት የተለየ ሆኖ ስናገኘው ነው።

መርካቶን በወሬ ነበር የማውቃት። ከአውቶብስ ተራ ተነሥቼ ከተሸካሚ ጋር እየተጋፋሁ፣ በርበሬው እያስነጠሰኝ ቅመም ተራ አካባቢ ደረስኩ። አንዲት እናት ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬና እንዶድ በየማዳበሪያው ከፍተው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ኮሶ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ለማን ነው ልጄ? የሚወጣው ጠፍጣፋ ነው ወይስ ድቡልቡል? ራሱ እየተንቀሳቀሰ ይወጣል? ሰውየው ጥሬ ሥጋ ይበላል?»

ቆሜ ቀረሁ። ድቡልቡሉ ወስፋት ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ጠፍጣፋው የኮሶ ትል ነው። ቁራጩ በራሱ ጊዜ ከፊንጢጣ ተስቦ መውጣቱ ደግሞ የከብቱን ትል ከአሳማው ይለየዋል፤ የመጨረሻው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ጀርመናዊው ቄስ ጎዘ ለከብቱ ትል በ1782 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሳይንስ ስም ሰጠው። የአሳማው ትል ራስ ላይ መንጠቆ አለ፤ የከብቱ ግን አራት መምጠጫ ብቻ ይዞ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ዕድሜዬን መንጠቆ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መንጠቆ በማጣቱ የሚታወቅ ትል ደስ አሰኘኝ።

ስለ ኮሶ ዛፍ የሳይንስ ስም ግን ቅር ይለኛል። ጎንደር የኖረው ጄምስ ብሩስ ኮሶን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሲገልጽ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ስሙ ግን ለአውስትራሊያ ተክሎች ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ የዕፅዋት ተመራማሪው ግሜሊን የኮኒግስበርጉን ምሁር ሐገንን ሲያስብበት፣ ሌሎች ደግሞ ኢስታንቡል ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራዬ ስም ጠሩት። አበባውን ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ማጠጣትን ያስተማረው የደጋ ሰው ግን በአንዱም ስም ውስጥ የለም።

ቁንጭር የተባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው ተሕዋሲ በ1973 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ ሲባል ቢያንስ አገሪቱ ተጠቅሳለች። በማይክሮስኮፕ ከዘመዶቹ አይለይም፤ በሽኮኮ ይኖራል፤ ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። የቁስሉን መልክ የደጋው ገበሬ ያውቀዋል።

ሻጯ ቀላ ያለውን አበባ መርጠው እያሳዩኝ «ይኼ ሴቴው ነው፤ ይሻላል። የትሉ ራስ ካልወጣ ግን ተመልሶ ያድጋል» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ራሱ አንጀት ላይ ከቀረ በወራት ውስጥ እንደ ገና ይረዝማል። እኛም ቤተ ሙከራ ውስጥ መጀመሪያ የምንፈልገው ያንኑ ራስ ነው።

«ለእርጉዝ አልሸጥም» ሲሉ ጨመሩ፤ «ለሕፃንም። ጤና ጣቢያ ሂዱ እላቸዋለሁ።» ኮሶ ከልክ ሲያልፍ የዐይን ብርሃን እንደሚጎዳ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ ፕራዚኳንቴል አለ። ዋጋውን ከፈልኩና ጥያቄዎቻቸውን በተራ፣ በተናገሩት ቃል፣ መዝገቤ ላይ እንድጽፍ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ጻፍ፤ እኔም ከእናቴ ነው የሰማሁት» አሉኝ።