ዎርከር 2

ልጁን መቆጣት አልቻልኩም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አቆመው ነበር።

ቦንጋ ላለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማህበር ዳታቤዝ ሠርቼ ነበር። እሸት ቡናው ቀን ይመዘናል፤ ሌሊት ደግሞ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮሰስ የቀኑን ሚዛን ወደ ክፍያ መዝገቡ ያሻግራል። ስሙን «ዎርከር 2» አልኩት። ለምን 2? ዎርከር 1 ስለነበረ። በቃ።

ለቀማው በደራበት ኅዳር ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ። የቢሮው ልጅ ዝርዝሩን ሲያይ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ማሽኑን ይዞታል። አጠፋው። ፍጥነቱ ተመለሰ፤ ሁሉም ደስ አለው። በአራተኛው ቀን አንድ አባት እጥፍጥፍ ያለ ደረሰኝ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ቡናዬን እናንተው መዝናችሁ፣ አሁን ስምዎ የለም ትሉኛላችሁ?»

ሚዛኑ አልጠፋም፤ ሳይሻገር ተከማችቶ ነበር። ፕሮሰሱን መልሰን አስነሣነው። ገንዘባቸውን ግን በማግስቱ ነው ያገኙት፤ ብድር የሚከፍሉበት ቀን አልፎባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ፖስትግሬስን በሌላ ዓይን አየሁት። አውቶቫኪዩም የሚባለው ፕሮሰሱ የሞቱ ረድፎችን ያጸዳል። የትራንዛክሽን ቁጥር ዞሮ መዝገቡን እንዳያበላሽ ሲሠራ ደግሞ ምክንያቱ ከስሙ ጎን ተጽፎ ይታያል። የሚያቆመው ሰው ምን እንደሚነካ ያውቃል ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ ስተው ያውቃሉ። እያንዳንዱ ለውጥ አስቀድሞ የሚጻፍበት ፎልደር «ፒጂ ኤክስሎግ» ይባል ነበር። ዲስክ የሞላበት ሰው «ሎግ» የሚለውን ያይና ተራ ማስታወሻ መስሎት ይሰርዘዋል፤ ዳታቤዙም አልነሣም ይላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛው ቨርዥን «ፒጂ ዋል» ተባለ።

ሁሉም ስም ግን እንዲህ አይታረምም። ከቢሯችን መስኮት የሚታየውን ቡና ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «አረቢካ» ብሎ መዘገበው። የዛፉ መነሻ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው፤ እስካሁን ግን ዓለም የሚጠራው በዓረብ ስም ነው። ያንን እኔ አልቀይረውም። ዎርከር 2ን ግን መቀየር እችላለሁ።

አሁን ስሙ «ሚዛን ወደ ክፍያ አሻጋሪ» ነው። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ባለፈው ሰርቨሩ እንደገና ሲንቀራፈፍ ልጁ ደወለልኝ።

«ሚዛን አሻጋሪው ማሽኑን ይዞታል። ላቁመው ወይስ ይጨርስ?»

«ይጨርስ» አልኩት።