ከሺህ አንዱ

አንድ ሺህ አዋቂ ሰዎችን አስቡ። በአንድ ወር ውስጥ 750ዎቹ የሆነ ነገር ያማቸዋል። 250ዎቹ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። ዘጠኙ ሆስፒታል ይተኛሉ። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ስሌት ኬር ዋይት የሚባል ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመው፤ መረጃው የአሜሪካና የእንግሊዝ ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ደቨሎፐር ነኝ። ቁጥሮቹን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ታዲያ ሐኪሞች የሚማሩት አንዱ ጋ ነው ማለት ነው?» የሚል ነበር። ሲስተሙ ሲወድቅ የሚመጣውን ሪፖርት ብቻ እያነበበ ያደገ ደቨሎፐር፣ ተጠቃሚው በየቀኑ ምን እንደሚቸግረው ከየት ያውቃል?

ወደዚህ ንባብ ያስገባችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ሕክምና ጨርሳ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ቆይታ አሁን ሬዚደንሲ ልትገባ ነው። የመረጠችው የቤተሰብ ሕክምናን ነው። አባዬ ሲሰማ «እሱንማ አሁንም እየሠራሽው አይደል እንዴ?» አላት። ክፋት አይደለም። እኛ ሰፈር «ዶክተር ናት» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የምን?» ነው። «የልብ» ሲባል ሁሉም ያደንቃል። «የሰው» ቢባል ግን ማን ይሰማል?

እህቴ መልስ ነበራት፤ ኢያን ማክዊኒ የሚባል ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዝ ተወልዶ፣ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ከአሥር ዓመት በላይ የሰፈር ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ በሽታው ገና ስም የለውም። «ይደክመኛል»፣ «ሆዴን ይነፋኛል» ነው የሚለው። የሕክምና መጽሐፉ ደግሞ ከስሙ ይጀምራል። ማክዊኒ ስለ በሽታ የመጀመሪያ ምልክቶች በ1964 መጽሐፍ ጻፈ። በ1968 ወደ ካናዳ ሄዶ በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያው የቤተሰብ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። ዕድሜ ልኩን የተከራከረው ይህ ሙያ ከሌሎቹ የተራረፈ ሳይሆን የራሱ እውቀት ያለው ነው ብሎ ነው። እኔ እንደገባኝ፣ የልብ ሐኪም ቃል የገባው ለልብ ነው፤ የቤተሰብ ሐኪም ግን ለሰውዬው፣ በሽታው ምንም ይሁን ምን።

ይህ ወሬ ብቻ ያልሆነብኝ በእማዬ ነው። ለስኳሯ አንድ ቦታ፣ ለግፊቷ ሌላ ቦታ፣ ለጉልበቷ ሦስተኛ ቦታ ትታከማለች። ሁሉም ጎበዝ ሐኪሞች ናቸው። ወረቀቱ ሁሉ ያለው ግን እሷ ፌስታል ውስጥ ነው። አንድ እሑድ እህቴ መድኃኒቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ለጉልበቷ በየቀኑ የምትውጠው ዲክሎፌናክ ነበር፤ ግፊት ሊጨምር፣ ኩላሊትም ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት። እማዬ ደግሞ ግፊቷ አልወርድ ብሎ ወራት አልፏል። ደቨሎፐሮች ይህን እናውቀዋለን። እያንዳንዱ ኮድ ለብቻው ቴስቱን ያልፋል፤ አብረው ሲሠሩ ይወድቃሉ። ችግሩ መሃል ላይ ነው፣ መሃሉ ደግሞ የማንም አይደለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በ2016 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሐኪሞች ተመረቁ። ሰባት፣ ከመቶ ሚሊዮን ለማያንስ ሕዝብ። በሌላ በኩል ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። እነሱ ያዩትን የሚቀበል፣ ነርሱንና ጤና መኮንኑን የሚያስተምር፣ ማን ሪፈር ይባል፣ ማን እዚሁ ይታከም የሚለውን አብሮ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። እህቴ «መምራት» የምትለው ይህን ነው፤ ቢሮና ማህተም አይደለም።

አባዬ የሚያነሳው የደሞዝ ጥያቄ እውነት ነው። የግል ሆስፒታል ለቀዶ ሐኪም የሚከፍለውን ማንም ለእሷ አይከፍላትም። እሷም ታውቃለች፤ ፎርሙን ሞልታ አስገብታለች።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ያን አንዱን ሰው የሚያክም ስፔሻሊስት ያስፈልገናል፣ ይህን የሚክድ የለም። 249ኙ ግን ገና ወረፋ ላይ ናቸው።