የጎደለው ዓምድ

ስለ 1969 እና 70ው የሶማሊያ ጦርነት ሲወራ አየር ኃይላችን ማለት ኤፍ-5 ነው፤ እነ ለገሰ ተፈራ። አባቴ ግን የካንቤራ ሰው ነበር። ካንቤራ የእንግሊዝ ሥሪት ቦምብ ጣይ ጄት ነው፤ አነጣጣሪው አፍንጫው ላይ ካለው መስታወት ኋላ በደረቱ ተኝቶ ነው ቦምቡን የሚለቀው።

የበረራ መዝገቡን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት፦ ቀን፣ የአውሮፕላን ቁጥር፣ ሰዓት። ከታች ማን እንደነበረ የሚገልጽ ዓምድ የለውም።

«አባዬ፣ ሰው ይታይህ ነበር?»

«ከዚያ ከፍታ? ቤት ብቻ ነው የሚታየው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ቤት ካለ ግን...» ብሎ ዝም አለ።

ወረራ ነበር፤ መከላከሉ ላይ አልከራከርም። ግን የተዋጋነው እዚሁ በገዛ መሬታችን ነው። እነዚያ ቤቶች የዜጎቻችን ነበሩ። አሁን ከአባቴ ስም ይልቅ የምፈልገው የእነሱን ነው።