አሳማዋ እና ደወሉ

25 ሆነን አንድ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተዘግቶብናል። ወንጀል ሠርተን አይደለም፤ ትኬት ቆርጠን ነው። ያለነው ጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ ከተማ፣ የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ጊዜው ፌብሩዋሪ 2023 (ዛሬ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ይዘነው የመጣነው አቧራና እርጥበት የግድግዳውን ሥዕል እንዳይበላው፣ አየሩ እስኪጣራ 15 ደቂቃ እዚህ እንቀመጣለን። ከዚያ ወዲያኛው በር ይከፈትና 15 ደቂቃ እናያለን። ከዚያ ውጡ ነው። ፎቶ ቤት እንኳ ከዚህ የተሻለ ይታገሡናል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የጸሎት ቤቱን መግለጫ ወረቀት ዘርግተዋል። እኔ ጭኔ ላይ የያዝኩት የዳንቴን «ሲኦል» ነው። ሲኦልን ይዞ ጸሎት ቤት መግባት ምን የሚሉት ድፍረት ነው እንዳትሉኝ፤ መጽሐፉና ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት እዚህ ፓዶቫ ሬጂናልዶ ስክሮቬኚ የሚባል ሀብታም ነበር። ሥራው ገንዘብ ማበደር፤ በእኛ አማርኛ አራጣ። ዳንቴ «ሲኦል» ውስጥ፣ 17ኛው ክፍል ላይ፣ የሚፋጅ አሸዋ ላይ የተቀመጡ አራጣ አበዳሪዎች ዘንድ ይደርሳል። ፊታቸውን አይቶ አንዳቸውንም አይለይም። እያንዳንዳቸው አንገት ላይ ግን የቤተሰብ ዓርማ ያለበት የገንዘብ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ እዚያም ሆነው ዓይናቸው ከከረጢቱ አይነሳም። ከመካከላቸው የአንዱ ከረጢት ነጭ ነው፤ በላዩ ላይ ሰማያዊ እርጉዝ አሳማ ተስላለች። «ስክሮፋ» በጣሊያንኛ እንስት አሳማ ናት፤ የስክሮቬኚዎች ዓርማም እሷው ነበረች። ዳንቴ የሰውየውን ስም አልጠራም። ለምን ይጠራል?

እርጉዝ መሆኗን ልብ በሉልኝ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት አራጣን ከሚኮንኑበት ምክንያት አንዱ ገንዘብ በባሕርዩ መካን ነው፣ ሊወልድ አይገባውም የሚል ነበር። እኛስ ምን ብለን ነው የምንጠራው? ወለድ። ዳንቴ አማርኛ ቢያውቅ እንዴት ይደሰት ነበር!

አሁን ወደ እኛ ቤት ልውሰዳችሁ። እኔን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ኮሌጅ ያስተማረኝ የእማዬ ወንድም ነው፤ ጋሼ እንለው ነበር። ጋሼ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ ግን ለስሙ ያህል ነው። መቶ ብር ያበድርና በየወሩ አሥር ብር ያስወልዳል። ባዶ ቼክ ያስፈርማል። የሠፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ (እትዬ ልበላቸው፣ ስማቸው ይቆየን) ባለቤታቸው በደረቅ ቼክ ሲታሰሩባቸው የስፌት መኪናቸውን ለጋሼ አስረከቡ። መኪናው ጓዳችን ውስጥ ጨርቅ ተደርቦበት ዓመታት ቆመ። እማዬ አንድ ቀን እንኳ ጨርቁን አላነሳችውም። ታዲያ ይኸው ጋሼ ለደብራችን ደወል ገዛ፤ የጣራውንም ቆርቆሮ አስቀየረ። በ2022 ሲያርፍ ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በንግድ ሥራ ተሰማርተው» ብዬ። እትዬ ከፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲሰሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ለትምህርት ፓዶቫ የመጣሁት።

በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሰማያዊው ነው። ጣራው በሙሉ ሰማያዊ፣ በወርቅ ከዋክብት የተረጨ። ጆቶ ይህን ቤት ከ1303 እስከ 1305 ባለው ጊዜ ነው የሣለው፤ አብዛኛው ገና ባልደረቀ ልስን ላይ ስለተሣለ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል። ኢያቄምና ሐና፣ የእመቤታችን ልደት፣ የጌታ ሕማም… ታሪኩን ስለማውቀው አስጎብኚ አላስፈለገኝም። አንዱ ሥዕል ግን አስደነገጠኝ። በእኛ ነባር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ክፉ ሰው ነው። ጆቶ ግን ይሁዳ ጌታን ሊስም ሲጠጋ ሁለቱንም በጎን ሳላቸው። ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን። የይሁዳ ሰፊ ቢጫ ካባ ጌታን ጠቅልሎታል። ክፉውን በዓይኑ ቁጥር ለይቼ የማልፍበት መንገድ ጠፋኝ። መሠዊያው አጠገብ ይኸው ይሁዳ እንደገና አለ፤ ከረጢቱን ጨብጧል፣ ጥቁር ሰይጣን ከኋላው ይዞታል።

ከዚያ ዞር ስል የመግቢያው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የመጨረሻው ፍርድ ነው። በግራ እጃችሁ በኩል፣ ከሚድኑት ወገን፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ የዚህኑ ጸሎት ቤት ትንሽዬ ምስል ለእመቤታችን ያቀርባል። ኤንሪኮ ስክሮቬኚ ነው፤ የሬጂናልዶ ልጅ፣ ቤቱን ያሠራው። በወዲያ በኩል ደግሞ ሲኦል ውስጥ በገንዘብ ከረጢታቸው ማንጠልጠያ የተሰቀሉ ሰዎች አሉ። አስቡት እንግዲህ፤ የአራጣ አበዳሪ ልጅ ከፍሎ አራጣ አበዳሪ ሲሰቀል አስሏል።

በላዔ ሰብእ ትዝ አለኝ። 78 ነፍስ በልቶ ለተጠማ ሰው ባጠጣው እፍኝ ውኃ ዳነ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ኤንሪኮ ለማርያም ያቀረበው 21 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቤት ነው። ይህ ቤት የማንን ጥም ቆረጠ?

15 ደቂቃው አለቀ። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሳያጥፉት ወጡ።

በኋላ ኪያራ ፍሩጎኒ የምትባል ጣሊያናዊት የታሪክ ምሁር በ2008 ያሳተመችውን መጽሐፍ በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ መታገል ጀመርኩ። ርዕሱ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የኤንሪኮ ምርጡ ንግድ» እንደማለት ነው። ቤቱ የአባት ኃጢአት ማስተሰረያ ነው የሚለውን የለመድነውን ትረካ አትቀበልም። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ንስሓውን ፈልጌው ነበር። ግን ማስረጃው ለእሷ ያደላል። በ1305 መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ያሉት የኤሬሚታኒ መነኮሳት አቤቱታ አቅርበው ነበር፦ ለቤተሰቡ ትንሽ ጸሎት ቤት ተፈቀደለት እንጂ ባለ ደወል ማማ ቤተ ክርስቲያን ማን ፈቀደለት፣ ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ ለራሱ ታይታ ነው የሠራው፣ የሚል። ደወል! ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ውኃ ጠጣሁ።

ፍርድ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ታሪክ አትመቻችሁም። በማርች 1944 የጦር አውሮፕላኖች ፓዶቫን ሲደበድቡ የከሳሾቹ የኤሬሚታኒ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ፤ ማንቴኛ የሣላቸው ግድግዳዎችም ብትንትናቸው ወጣ። ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመው የስክሮቬኚ ቤት ተረፈ። በ2021 ከሌሎች የከተማዋ የ14ኛው መቶ ዓመት የግድግዳ ሥዕሎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ዳንቴ «ሲኦል»ን የጻፈው ግን ጆቶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ጆቶንም ያከብረዋል፤ በሁለተኛው መጽሐፉ ላይ ቺማቡዌን ያስረሳ ሠዓሊ አድርጎ ያነሳዋል። እንዲያም ሆኖ ሰማያዊው ጣራ ብዕሩን አላዘገየውም። ልጁ ያንን ሁሉ ቀለም ባፈሰሰ ማግሥት አባትየውን ከነአሳማው አሸዋው ላይ አስቀመጠው። እኔ ተማሪ ቤት እያለሁ በልቤ ዳንቴ ነበርኩ፤ ቀብሩ ላይ ሳየው ግን ቀለም ቀቢ ሆኛለሁ፣ ያውም ያለ ጆቶ እጅ።

በዚያው ሰሞን እማዬ ደወለች። የጋሼ ሙት ዓመት ደርሷል፤ የሕይወት ታሪኩ ከፎቶው ጋር በወረቀት ታትሞ ይታደላል፣ አሳምረህ ላክልኝ አለች። ከፈትኩት። «በንግድ ሥራ» የሚለውን አጥፍቼ «ገንዘብ በወለድ በማበደር» ብዬ ተካሁና ላክሁላት።

ማታውኑ መልሳ ደወለች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ድምጿ ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «ይኼን ከሠፈሩ የማያውቅ ሰው አለ ብለህ ነው የጻፍከው?»