ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ

በገዛ ቤቱ ዳኛ ያልሆነ አባት የለም። የአደባባይ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ከሳሽንና ተከሳሽን ያቆማል፥ ምስክርም ይሰማል። የቤት ዳኛ ግን ከሳሹም ምስክሩም ፈራጁም ራሱ ስለ ሆነ ፍርዱ በቀላሉ ይጣመማል። እኛም በዚህ በኩል የሠራነውን ስሕተት፥ ለቤተ ሰብ አባቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፥ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጣለን።

የምንኖረው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ፥ ብዙ ያገራችን ሰዎች ከሚገኙበት ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። ቤታችንን በገዛን ጊዜ የቀድሞው ባለቤት በጓሮው መጋዘን ውስጥ አንድ አሮጌ የአትክልት ትራክተር ትተውልን ሄዱ። ስሙ ኩብ ካዴት 102 ይባላል፤ ጕልበቱም የ10 ፈረስ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው ኩባንያ የኩብ ካዴትን ትራክተሮች በኬንታኪ በሉዊቪል ከተማ መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ሲሆን፥ የኛን ዓይነት የሠራው ከ1965 እስከ 1967 ድረስ ነው። ይህን ያህል ዘመን ቈይቶ እስከ ዛሬ ሣር ማጨዱ እጅግ ያስደንቃል።

የ15 ዓመት ልጃችን ይህን ትራክተር እንደ ጌታ ፈረስ ይወደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩን የሚያጭደው እርሱ ነው። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከመንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ለማንሣት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ተመልሶ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። እኛም ከቤት ወጥተን፥ ምንም ሳንመረምር፥ «ባለፈው ቅዳሜ ቁልፉን ሳትዘጋ ትተኸው ባትሪውን ገደልኸው!» ብለን በእኅቶቹ ፊት ገሠጽነው። ከእንግዲህም ትራክተሩን እንዳይነካ ከለከልነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ገባ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰም። ዝምታውንም እኛ እንደ እምነት ቃል ቈጠርነው።

አዲስ ባትሪ ገዝተን ብናገባ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ እኛም ፍርዳችን እውነት ሆነ ብለን ደስ አለን። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ደከመ። በዚህ ጊዜ ቁልፉ በኛ ኪስ ነበረ፤ ልጁም ወደ መጋዘኑ አልቀረበም። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ነገሩን እንደ ገና ከሥሩ ለመመርመር ተገደድን።

በአዲስ አበባ ጋራዥ ብዙ ዘመን የሠሩ፥ ዛሬ በዚሁ አገር ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ወደ እርሳቸው ሄደን ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፥ በዚያ ዘመን ትራክተር ላይ ሞተሪኖና ዲናሞ ለየብቻ አይደሉም፤ አንዱ ዕቃ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ቁልፉን ስታዞር ከባትሪው ኃይል ተበድሮ፥ በቺንጋው ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ራሱ በዚያው ቺንጋ እርሱን ያዞረዋል፤ እርሱም ኤሌክትሪክ እያመነጨ የተበደረውን ለባትሪው ይከፍላል። መበደር ችሎ መክፈል ካቃተው፥ ባትሪ ብትለውጥ ገንዘብህን ትጨርሳለህ እንጂ ምን ታተርፋለህ?»

ምርመራውንም ከቀላሉ እንድንጀምር መከሩን። አስቀድመን የባትሪውን ራሶች ጠረግን፥ ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደውን ሽቦ አጠበቅን፥ ቺንጋው ላልቶ እንዳይንሸራተት አየን። ከዚህ በኋላ ባትሪውን ሞልተን በቴስተር ብንለካው ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት አሳየ። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ቮልት መውጣት ሲገባው፥ ይልቁን ወደ 12.2 ወረደ። ዕቃው ብድሩን እንደማይከፍል በዚህ ታወቀ።

ጥፋቱ የኤሌክትሪኩን መጠን ከሚቆጣጠረው ሬጉላቶር እንደ ሆነ ለመለየት፥ ቺንጋውን አውልቀን ሁለቱንም ሽቦዎች ከዲናሞው ፈታን። ከዚያ «ኤፍ» የሚል ምልክት ያለበትን ጫፍ በሽቦ ከአካሉ ጋር አገናኝተን፥ «ኤ» ለሚለው ጫፍ ከባትሪው ቀጥታ ኃይል ሰጠነው። ጤነኛ ዲናሞ በዚህ ጊዜ በብርቱ ይዞራል፤ የኛው ግን እየተንተባተበ ብልጭታ ይተፋ ነበር። ፈትተን ብናየው ካርቦኖቹ ከማለቃቸው የተነሣ ሽቦ ጠምዛዛዎቹ ሊጫኗቸው አይችሉም፤ ካርቦኖቹ የሚያርፉበትም የመዳብ ክብ ተቃጥሎ ብየዳው ቀልጧል። ካርቦን በመለወጥ ብቻ የማይድን ስለ ሆነ ታድሶ የተዘጋጀ ሌላ ዲናሞ አስመጣን።

እንግዲህ ይህ የአንድ ሌሊት ጥፋት ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካም ነው። ልጃችን ቁልፉን ቢረሳ እንኳ ባትሪውን ያደክም ነበር እንጂ ካርቦን አይበላም፥ መዳብም አያቃጥልም። የፈረድንበት ልጅ ንጹሕ መሆኑን ያ የተቃጠለ ዕቃ መሰከረብን።

ልጁን ጠርተን የተቃጠለውን ዕቃ አሳየነው፤ በእኅቶቹም ፊት ያለ ጥፋቱ እንደ ገሠጽነው ተናግረን ይቅርታ ለመንነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «አባባ፥ እርስዎ በርግጥ ሲናገሩ እኔም ቁልፉን ረስቼው ይሆናል ብዬ አመንሁ» አለን። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። አባት በሐሰት ሲወቅስ ልጁ የሚቀየም ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ያልሠራውን በደል እንደ ሠራው አድርጎ ራሱን ይጠራጠራል።

አዲሱን ዲናሞ አብረን ተከልን። አስቀድመን የባትሪውን የኔጋቲቭ ሽቦ ለየን፤ ቺንጋው የሚዞርበትን መንኰራኵር ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርን፤ ቡሎኖቹን አጠበቅን፤ ቺንጋውንም ኩሽኔታውን እንዳይጐዳ ሳናከረው፥ እንዳይንሸራተትም ሳናላላው ወጠርነው። ሽቦዎቹንም በየቦታቸው መለስን። ሁሉም ተፈጸመ ብለን ቁልፉን ልናዞር ስንል ልጃችን እጃችንን ያዘና፥ «አባባ፥ ይቆዩ፤ ዲናሞው ገና ዋልታውን አልያዘም» አለን። እውነትም ነው። አዲስ የተተከለ ዲናሞ ኤሌክትሪኩን ወደ ተቃራኒ እንዳይልክና ሬጉላቶሩን እንዳያቃጥል፥ ከመነሣቱ በፊት በሬጉላቶሩ ላይ «ባት» እና «ጄን» የሚሉትን ሁለት ጫፎች በሽቦ ለአንድ አፍታ ማገናኘት ያስፈልጋል። ልጃችን ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ያዘ፤ እኛ ግን ረስተነው ነበር። ሽቦውን ለእርሱ ሰጠነው፤ ነካ አድርጎ አነሣው። ቁልፉንም እርሱ አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ፥ መለኪያውም 14 ቮልት አሳየ።

እኛ በልጅነቱ ያበደርነውን እውቀት ልጃችን በዚያች ቀን ከፈለን። ከእንግዲህ ወዲህ በቤታችን አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ከማለታችን በፊት «ምን ሆነ?» ብለን ለመጠየቅ ወስነናል። የትራክተሩም ቁልፍ ዛሬ በልጃችን ኪስ ነው።