«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ»



የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተን ወደ አንካራ ስንመጣ እንግድነት ይከብደናል ብለን አላሰብንም ነበር። አዛን የሚሰማበት፣ ሐላል ምግብ ፍለጋ የማይንከራተቱበት አገር ነው፤ ምን ይቸግረናል? አልን።

የቸገረን ያልጠበቅነው ነው። የቱርክና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው፤ አጠራሩ ግን ይለያያል። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሯችሁ «ዘጠኝ ሰዓት ነው» ሲሉን ከዙህር በኋላ ሄድን። እነሱ ያሉት የኛን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር፤ ቀጠሮው አልፏል። ምስር ሾርባቸው በርበሬ የረሱት ወጥ መሰለን። የጁምዓው ኹጥባ በቱርክኛ ስለሆነ አንድም ቃል ሳንረዳ ወጣን። በመግሪብ ሰላት ከፋቲሓ በኋላ እንደለመድነው «አሚን» ስንል የተሰማው የኛ ድምፅ ብቻ ነበር። በሐነፊ መዝሀብ አሚን በቀስታ እንደሚባል ያወቅነው ኋላ ነው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን በቆምንበት ሶፍ ውስጥ እንግድነት ተሰማን።

ይህ ሁሉ ዛሬ ያስቀናል ባይባልም ያስቀናል ከማለት ይልቅ ያስቀልዳል፤ የማያስቀልደው የአንዱ ወንድማችን ነገር ነው። አገር ቤት ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ፣ በቋንቋ ትምህርቱ ዓመት ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጣቱ መጠቆም ነበረበት። ቀስ በቀስ ከክፍል ቀረ፤ ከጁምዓም ቀረ። ስንደውልለት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይለናል፤ እኛም «አልሐምዱሊላህ» ብለን እንዘጋለን። ሻንጣውን መሸከፉን የሰማነው ከማደሪያ ጓደኛው ነው። ያን ማታ ክፍሉ ሄደን ቡና አፈላን። ብዙ ቆይቶ፣ «ቤተሰቤ በኔ ይኮራል፤ አልቻልኩም ብዬ ለማን ልንገር?» አለ። አላህን ማመስገኑ እውነት ነበር፤ ደህና መሆኑ ግን እውነት አልነበረም። ልዩነቱን መጠየቅ የኛ ድርሻ ነበር፤ አልጠየቅንም።

ወንድማችን አልሄደም፤ ዛሬ አዲስ ገቢዎችን ከአውቶቡስ መናኸሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። እኛም አጠያየቃችንን ለውጠናል። «ደህና ነህ?» ብለን አናቆምም። ትናንት ምን በላህ? ከማን ጋር ዋልክ? ለእናትህ መቼ ደወልክ? እንላለን። እህቶችም በየማደሪያቸው እንዲሁ ይጠያየቃሉ። እሑድ ከዐስር በኋላ ቡና አለ፤ ቱርክኛ የገባው ላልገባው የሳምንቱን ኹጥባ ይተረጉማል።

ሶሓቦች በ615 ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበለቻቸው የኛው አገር ናት። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና ባልደረቦቹ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረውባታል። ለባይተዋር በር መክፈት ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነው።

በዚህ ዓመት የምትመጡ ሆይ፣ ከከበዳችሁ ከበደን በሉ። ማመስገንን አይቀንስባችሁም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።